የነሳሁት እግር

እህቴ የደወለችልኝ ሻንጣ ታቅፋ ሚዛን ላይ ቆማ ነው። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ወለሉ ላይ አስቀምጣዋለች፤ ትንፋሿ ከሩቅ ይሰማኛል። መጀመሪያ ባዶ እጇን ትመዘናለች፤ ቀጥላ ሻንጣውን ብድግ አድርጋ ትወጣለች፤ ከዚያ ልዩነቱን ትነግረኛለች። ከቨርጂንያ ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ የሚፈቀድላት ሁለት ሻንጣ ነው፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ሦስት ጊዜ አውጥታ ሦስት ጊዜ መልሳ ከታለች።

«ጋሼ፣ እምቢ አለኝ» አለች በመጨረሻ። «ሦስት ኪሎ ያህል ተርፏል። ወይ ያንተን ብረት ላስቀር፣ ወይ የእማዬን ዎከር።»

እናታችን ጉልበቷ ከከዳት ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ዎከር የሚባለው አራት እግር ያለው፣ የሚታጠፍ የአሉሚኒየም መደገፊያ ነው። እህቴ የሌሊት ፈረቃ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሽማግሌዎቹ ይዘውት ሲራመዱ እያየች፣ ለእናቷ ስትመኝ ቆይታ የገዛችው ነው። ብረቱ ደግሞ ቴሌስኮፔ ሚዛኑን እንዲጠብቅ በሌላው ወገን የሚታሰር፣ መሐሉ የተበሳ ድፍን ብረት ነው።

«ዎከሩን ተይው፤ እዚህም አይጠፋም» አልኳት። መልሱ ሳላስብበት ከአፌ ወጣ።

ይህን ለንስሐ አባቴ ተናግሬው አላውቅም። የዕቃ ጉዳይ ነው እንጂ የነፍስ ጉዳይ አይደለም ብዬ ራሴን አሳምኜ ከረምኩ። አሁን ግን ልናዘዝ። የምናዘዘው ቴሌስኮፕ ስለመረጥኩበት መንገድ ነው፤ በዚያ ምርጫ ውስጥ የሠራሁት ስህተት ሁሉ ለእህቴ ከሰጠሁት መልስ ጋር አንድ ሥር እንዳለው የገባኝ ዘግይቶ ነውና።

ሃያ አራት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬአለሁ። ቤቴ ሽሮ ሜዳ ነው፣ ከእንጦጦ ግርጌ። በሠፈራችን መብራት በጠፋ ቁጥር ሰው ሻማ ሲፈልግ እኔ ወደ ግቢ እወጣለሁ። ከተማው ሲጨልም ሰማዩ ወደ ታች የቀረበ ይመስለኛል፤ ፍኖተ ሐሊብ በጣሪያችን ላይ ተዘርግቶ ሳየው አልጠግብም። በዐይን ሲታዩ እንደ ጭስ ብናኝ ያሉትን፣ የኦሪዮንን ኔቡላና የአንድሮሜዳን ጋላክሲ፣ በራሴ ካሜራ ማንሳት የዓመታት ምኞቴ ነበር። ምኞቱ ንጹሕ ነበር። የተበላሸው መምረጥ ስጀምር ነው።

መጀመሪያ ያየሁት የመስታወቱን ስፋት ነው። ስፋቱ 203 ሚሊ ሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 2,032 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ሽሚት ካሴግሬን የሚባል ቴሌስኮፕ መረጥኩ። ቱቦው አጭርና ድንቡሽ ያለ ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ ክብደቱም ከ6 ኪሎ አይበልጥም። ይህ ዓይነቱ ቴሌስኮፕ መጥፎ ዕቃ አይደለም። የጨረቃን ጉድጓዶች፣ የሳተርንን ቀለበት፣ የጁፒተርን መቀነቶች ለማየት ከሚመረጡት አንዱ ነው። እኔ ግን የፈለግሁት ፕላኔት አልነበረም። ይህን እያወቅሁ ለምን መረጥኩት? ሰው ግቢዬ ገብቶ ሲያየው «አቤት!» እንዲል ነው። የክንድ ርዝመት የማይሞላ ቀጭን ቱቦ፣ ሃያ አራት ዓመት ላስተማረ ሰው የሚያሳንስ መሰለኝ። የመረጥኩት የባልደረቦቼን ዐይን አስቤ እንጂ የማነሳውን ሰማይ አስቤ አይደለም።

ከቤቴ ሽቅብ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ አለ። ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት፤ የእያንዳንዳቸው መስታወት አንድ ሜትር ስፋት አለው። ተማሪዎቼን ይዤ ወጥቼ አሳይቻቸዋለሁ። አንገቴን ቀና አድርጌ ስለ መስታወቱ አስረዳኋቸው። ከሥር ሆኖ ያን መስታወት ስለተሸከመው ብረትና ኮንክሪት አንድ ቃል አልተናገርኩም። ዐይኔ እዚያ አላረፈም።

ማውንት የምንለው ቴሌስኮፑን የሚሸከመውና ኮከቡን ተከትሎ የሚያዞረው ክፍል ነው። ምድር በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ አንድ ዙር ስለምትጨርስ ሰማዩ በእያንዳንዱ ሰከንድ 15 አርክ ሰከንድ ያህል ይንሸራተታል። አንድ አርክ ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው። በኔ ካሜራና ቴሌስኮፕ አንዲት ፒክስል የምትሸፍነው 0.44 አርክ ሰከንድ ብቻ ነበር። ስለዚህ ማውንቱ ለአንዲት ሰከንድ ቢቆም ኮከቡ 34 ፒክስል ይጓዛል፤ ነጥብ መሆን የነበረበት መስመር ይሆናል። የኔቡላ ፎቶ ደግሞ በሰከንድ አይነሳም። ካሜራው ለደቂቃዎች ተከፍቶ ይቆያል፤ ይህም ሌሊቱን ሙሉ ይደጋገማል። ያ ሁሉ ብርሃን በየነጥቡ ላይ እንዲጠራቀም የሚያደርገው ማውንቱ ነው። መስታወቱ ብርሃኑን ይሰበስባል፤ ማውንቱ ካላጸናው ግን የተሰበሰበው ይፈስሳል።

ይህን ሒሳብ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬዋለሁ። ለራሴ ስገዛ ግን ማውንቱን በተረፈ ኪሎና በተረፈ ገንዘብ መረጥኩት። የሻንጣው ልክ እንዲሞላልኝ ከሁሉ ቀላሉን ወሰድኩ። መመሪያው 9 ኪሎ ይሸከማል ይላል፤ የኔ ቱቦ ከነካሜራው፣ ከነማያያዣው 7 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። በዐይን ለማየት ይበቃል። ለፎቶ ግን ከተጻፈው አቅም ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ቢጫን እንደሚሻል በሥራው የቆዩ ሁሉ ይመክራሉ። አንብቤዋለሁ። የፈሪዎች ምክር ነው ብዬ አለፍኩት።

ዕቃው ደርሶ ግቢ ውስጥ በቆመ ሰሞን የቀድሞ ተማሪዬ የነበረ አንድ ወጣት ሊያይ መጣ። ሠርግ እየቀረጸ የሚተዳደር ልጅ ነው፤ ትራይፖድ በትከሻው ይዞ ከአዳራሽ አዳራሽ ሲሮጥ ነው የማውቀው። ቱቦውን አላደነቀም። ቁጢጥ ብሎ የማውንቱን አንገት በጣቱ መታ መታ አደረገና ሦስት ነገር ጠየቀኝ።

«ቲቸር፣ ይሄ ስንት ኪሎ ይሸከማል? ወደ 9 ዲግሪ ይወርዳል? የሰሜን ኮከብንስ ከዚህ ግቢ ያዩታል?»

ሦስቱም ጥያቄ ሥሩን የነካ ነበር። ኢኳቶሪያል ማውንት የሚሠራው አንዱ ዘንጉ ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ ሲሆን ነው። ይህ ዘንግ ከአድማስ ቀና የሚለው ቦታው ከምድር ወገብ በራቀበት ዲግሪ ልክ ነው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ዘንጉ ሊተኛ ጥቂት እስኪቀረው መጋደም አለበት። በገበያ ላይ ካሉት ብዙዎቹ የተሠሩት ዘንጉ 40 እና 50 ዲግሪ ቀና ለሚልባቸው አገሮች ነው። የሰሜን ኮከብም በኛ ሰማይ ላይ ያለው በዚያው 9 ዲግሪ ገደማ ነው። ከኔ ግቢ ሆኖ ወደዚያ ለሚያይ ሰው የሚታየው ኮከብ ሳይሆን የእንጦጦ ትከሻና ባሕር ዛፉ ነው።

አንዱንም አልመለስኩለትም። መልሱ ስላልነበረኝ ተናደድኩ። «አንተ የሠርግ ካሜራህን ጠብቅ» አልኩት፣ ሁለት ባልደረቦቼ በቆሙበት። አንገቱን ደፋ። የቀረበለትን ቡና ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ። ከክፍሌ ካወጣኋቸው ልጆች ሁሉ በትክክል መጠየቅ የተማረውን ልጅ ስለጠየቀ አሳፈርኩት። መምህር ነኝና ከዚህ የከፋ በደል አላውቅም።

የመስከረም ደመና ተገፎ ሰማዩ ሲጠራ ሥራዬን ጀመርኩ። ማውንቱ ዝቅ ብሎ ዝቅ ብሎ 15 ዲግሪ ላይ ቆመ። የቀረውን ለማግኘት በደቡብ በኩል ካሉት እግሮች ሥር ብሎኬት አስገባሁ፤ ሁለመናው ወደ ሰሜን ዘመመ። ብረቱ የሚታሰርበት ዘንግ ሲዞር የትራይፖዱን እግር ይመታ ጀመር። የሰሜን ኮከብ ስለማትታየኝ ዘንጉን የማስተካክለው ኮከቦች ሲንሸራተቱ እያየሁ ነበር። ከአናት በላይ አካባቢ የሚያልፍ ኮከብ ይያዛል፤ ቀስ በቀስ ወደ ደቡብ ከሸሸ ዘንጉ ወደ ምሥራቅ ሄዷል፣ ወደ ሰሜን ከሸሸ ወደ ምዕራብ። ቀጥሎ በምሥራቅ ዝቅ ያለ ኮከብ ይያዛል፤ ወደ ደቡብ ከሸሸ ዘንጉ ከልኩ በታች ነው፣ ወደ ሰሜን ከሸሸ ከልኩ በላይ። ዘዴው የቆየ፣ የታመነም ነው። ብሎኬት ላይ ዘሞ ለቆመ ነገር ግን አይረዳም፤ አንዱን ሳቀና ሌላው ይፈርስብኛል። የትራይፖዱን እግር በጣቴ ነካ አድርጌ መንቀጥቀጡ እስኪያቆም ስቆጥር ሰባት ሰከንድ ይደርስ ነበር። ከእንጦጦ ትንሽ ነፋስ ሲወርድ ደግሞ ጭራሹን አይረጋም።

ነፋስ ባልነበረበት ሌሊትም የማውንቱ ማርሽ ነበረ። ጥርሶቹ ፍጹም እኩል ስላልሆኑ በየ8 ደቂቃው በሚደጋገም ዑደት ኮከቡን ወዲያና ወዲህ ይወስደዋል። ይህ በማንኛውም ማውንት ላይ ያለ ጠባይ ነው፤ በቀላሎቹ ላይ ግን ይበዛል። በኔው ላይ ስለካው ወደ 20 አርክ ሰከንድ መጣ፤ በፒክስል ሲመነዘር 46። አንድሮሜዳ ሰማይ ላይ ወደ 3 ዲግሪ ትረዝማለች፣ ስድስት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን እንደማለት ነው። በረጅሙ የትኩረት ርቀት የኔ ካሜራ የሚይዘው 0.63 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ እምብርቷን እንጂ ክንፎቿን አላገኝም። በሁለት ወር ውስጥ 212 ፎቶ አነሳሁ። ኮከቦቻቸው ክብ ሆነው የወጡት 9 ናቸው።

ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። አልተናገርኩም። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ፎቶው መቼ ነው?» ሲሉኝ «አየሩ ነው» እላለሁ። ባልደረቦቼ ሲጠይቁኝ የከተማው ብርሃን፣ መብራቱ መጥፋቱ፣ ተራራው። ሁሉም በከፊል እውነት ስለሆነ ውሸቴ የሚያዝ አልነበረም። የትኩረት ርቀቱን ወደ 1,280 ሚሊ ሜትር የሚያሳጥር ሌንስ ደግሞ በሰው አስመጣሁ። ችግሩ ከታች ሆኖ ሳለ ገንዘቡን እንደገና ወደ ላይ፣ ወደሚታየው ጨመርኩት።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ሌሊት፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ፣ መብራት ጠፋ። ዐይኔ ጨለማውን እንዳይረሳ ግንባሬ ላይ የማስራት ቀይ ባትሪ አለችኝ። የመኪና ባትሪ ላወጣ ወደ ቤት ስገባ እማዬ መተላለፊያው ላይ ነበረች። ወደ መጸዳጃ እየሄደች ነው። መዳፏን ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ አንድ እርምጃ ትራመድና ቆማ መዳፏን ወደፊት ታንሸራትታለች፤ ደግሞ አንድ እርምጃ። አላየችኝም። ብርሃኔ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ አንድ መስመር አየሁ። ከመኝታ ቤቷ በር ጀምሮ እስከ ማጀቱ ድረስ፣ በእጇ ቁመት ልክ፣ ቀለሙ ጠቁሮና ወዝ ይዞ የተዘረጋ መስመር። በየቀኑ የማልፍበት መተላለፊያ ነው። ያንን መስመር አንዲት መዳፍ ለመሥራት ስንት ጊዜ መመላለስ አለባት?

በተከፈተው በር በኩል ግቢው ይታየኛል። ትራይፖዱ ሦስት እግሩን አንሰራፍቶ ቆሟል።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ለእናቴ ይሆን የነበረውን እግር ለቴሌስኮፑ ሰጠሁት፤ ለቴሌስኮፑም ቢሆን ደህና እግር አልሰጠሁትም። የማየውን ወደድኩ፣ የሚሸከመውን ናቅሁ። እህቴ ሚዛን ላይ ቆማ ሻንጣ ታቅፋ ስታቃስት የሰማሁት ድምፅ ያን ጊዜ ነው በትክክል የተሰማኝ።

በነጋታው ዎከር ፍለጋ ወጣሁ። የሕክምና ዕቃ ከሚሸጡት ሱቆች ሁለተኛው ላይ አገኘሁት። ከቤት ወጥቼ ይዤው እስክመለስ ሁለት ሰዓት አልሞላም። «እዚህም አይጠፋም» ያልኩት እውነት ነበር። ለአራት ወር እውነት ነበር። እኔ ነኝ አንድ ቀን እንኳ ያልፈለግሁት። ያን ቃል ለእህቴ ስናገር እፈልጋለሁ ብዬ አልነበረም፤ ስልኩ እንዲዘጋ፣ ሻንጣው እንዲዘጋ ነበር። እማዬ ይዛው ሁለቴ ወጣ ገባ ካለች በኋላ እጇን ዘርግታ «እግር ሰጠኸኝ ልጄ፤ እግርህ አይሰናከል» ብላ መረቀችኝ። ምርቃቱን ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ። የሚገባኝ እንዳልሆነ ለመንገር ግን ድፍረት አጣሁ።

ወጣቱን ፈልጌ ሄድኩ። ሥቱዲዮው ውስጥ አገኘሁትና ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ያሳፈርኩት በሰው ፊት ስለነበር ይቅርታውንም የሥራ ባልደረቦቹ እየሰሙ አደረግሁት። «ኧረ ቲቸር፣ እኔ እኮ ረስቼዋለሁ» አለኝ። እንዳልረሳው ከዐይኑ አየሁ። ግን በዚያው ቀን ተከትሎኝ መጣ።

ያደረገውን ላስረዳ። መጀመሪያ ያን የማመዛዘኛ ብረት በእጁ አገላብጦ አየውና አንድ ቶርኖ ቤት ይዞኝ ሄደ። ባለሙያው ቀዳዳውን ለካ፤ ከክብ ብረት ቆረጠ፤ ፈጨ፤ በሳ። በግማሽ ቀን 5 ኪሎ የሚመዝን፣ ከአሜሪካው የማይለይ ብረት ሠርቶ ሰጠኝ። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼ ነው። ውቅያኖስ ተሻግሮ በእህቴ ጉልበት የመጣው፣ የእናቴን ዎከር ከሻንጣ ያስወጣው ብረት፣ ከቤቴ የአንድ ታክሲ መንገድ ላይ የሚሠራ ነበር። ማንንም ብጠይቅ ይነግረኝ ነበር። ለመጠየቅ ግን አላውቅም ማለት ያስፈልጋል።

ያን ሰሞን በልቤ የሚመላለስ አንድ ሰው ነበር። ኤድዋርድ ኤመርሰን ባርናርድ በ1857 በአሜሪካ ናሽቪል ከተማ አባቱ ከሞተ በኋላ የተወለደ የድሃ ልጅ ነው። በ9 ዓመቱ ፎቶ ቤት ተቀጠረ። ሥራው በፀሐይ ብርሃን ፎቶ የሚያሳድግ ትልቅ መሣሪያ ቀኑን ሙሉ ፊቱን ከፀሐይ እንዳያዞር በእጅ እያንቀሳቀሱ መከታተል ነበር። ልጁ ራሱ ማውንት ነበር ማለት ነው። አድጎ በካሊፎርኒያ ሊክ ኦብዘርቫቶሪ ገባ፤ እዚያ 91 ሴንቲ ሜትር ሌንስ ያለው፣ በዘመኑ ከዓለም ትልቁ ባለ ሌንስ ቴሌስኮፕ ነበር። ፍኖተ ሐሊብን ፎቶ ሊያነሳ ሲል ግን የተጠቀመው 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ መጀመሪያ የሰው ፎቶ ለማንሻ የተሠራ ሌንስ ነው። ለሰፊ ሰማይ ሰፊ እይታ እንደሚያስፈልግ ያውቃል። ዐይኑን በመሪ ቴሌስኮፕ ላይ ተክሎ፣ ኮከቡ እንዳያመልጠው ለሰዓታት በእጁ ያርም ነበር። የዚህን ሰው ታሪክ ለተማሪዎቼ በአድናቆት እነግራቸው ነበር። ካሜራ በትከሻው የተሸከመ የገዛ ተማሪዬ በግቢዬ ቁጢጥ ብሎ ሲጠይቀኝ ግን አላወቅሁትም።

ቱቦውን ፕላኔት ማየት ለሚወድ ሰው ሸጥኩለት፤ በእርሱ እጅ ያለ ቦታው አይደለም። በምትኩ 72 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 430 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ባለ ሌንስ ቴሌስኮፕ ገዛሁ። ያ ያፈርኩበት፣ የክንድ ርዝመት የማይሞላው ነው። ሒሳቡን በዚህኛው ልሥራ። በዚያው ካሜራ አንዲት ፒክስል ወደ 2 አርክ ሰከንድ ትሸፍናለች፤ ስለዚህ የማውንቱ ጥቃቅን ስህተት ወደ አምስት እጥፍ ገደማ ያንሳል። ፍሬሙ 3 ዲግሪ በ2 ዲግሪ ነው፤ አንድሮሜዳ ከነክንፎቿ ትገባለች። የትኩረት ርቀቱ ለስፋቱ ሲካፈል የድሮው 10 ነበር፣ ይኼኛው 6 ነው። እንደ ኔቡላ የተንጣለለን ነገር ሲያነሳ እያንዳንዷ ፒክስል ላይ የሚደርሰው ብርሃን 2.8 እጥፍ ይሆናል። ትንሹ ቴሌስኮፕ ለኔ ሥራ ፈጣኑ ነበር።

ማውንቱን ግን በዚህ ጊዜ አስቀድሜ መረጥኩት። ከ13 ኪሎ በላይ የሚሸከም፣ እስከ 9 ዲግሪና ከዚያም በታች መውረዱን በጽሑፍ ያረጋገጥኩት ነው። ጭነቴ ሁሉ ተደምሮ 3 ኪሎ ተኩል ስለሆነ የአቅሙን ሲሶ አይሞላም። ዋናው ክፍል ብቻውን ከአንድ መንገደኛ ጋር መጣ፤ ብረቶቹን ቶርኖ ቤቱ ሠራቸው። ትራይፖድም አላስመጣሁም። ወፍራም የብረት ቱቦ አስቆርጠን፣ ከግርጌው ሰፊ ላሜራ አስበይደን፣ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረን በሲሚንቶ ተከልነው፤ መንቀጥቀጡን እንዲውጥ ውስጡን አሸዋ ሞላነው። የሰሜን ኮከብ አሁንም አትታየኝም። ግን በጸና ነገር ላይ የኮከብ መንሸራተት ዘዴ ይሠራል። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ፤ አንዴ ከቀና በኋላ ደግሞ እዚያው ይቆያል። ትንሽ መሪ ካሜራ ጨመርን፤ ፒኤችዲ2 የተባለው ነፃ ፕሮግራም በየሁለት ሰከንዱ ኮከቧን እያየ ማውንቱን ያርመዋል። ባርናርድ በዐይኑና በእጁ ይሠራው የነበረውን ነው። ያን የብረት ምሰሶ በጣቴ መታሁትና መቁጠር ጀመርኩ። አንድ ሳልል ረጋ።

ዛሬ ተማሪም ሆነ ትልቅ ሰው መጥቶ «የትኛውን ልግዛ?» ሲለኝ የምነግረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ምን ልታነሳ እንደምትፈልግ ቁረጥ፤ ያ የትኩረት ርቀቱን ይነግርሃል። ከዚያ ያ ቱቦ ከነካሜራው ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ደምር። ያን ኪሎ እጥፍ አድርገህ የሚሸከም ማውንት ፈልግ፤ የምትኖርበት ቦታ የሚጠይቀውን ዲግሪ መውረዱን ጠይቅ። ገንዘቡ ሲከፈል ትልቁ ድርሻ ለማውንቱ ይሁን። የቀረው ትንሽ ቴሌስኮፕ የሚገዛ ብቻ ከሆነ ትንሹን በደስታ ግዛ። ሻንጣ የሚይዝልህ ሰው ካለ ደግሞ፣ ያንተ ዕቃ እንዲገባ ምን እንደሚወጣ ጠይቅ።

በተከታዩ ታኅሣሥ የኦሪዮንን ኔቡላ አነሳን፣ እኔና ወጣቱ። ከኛ ሰማይ ላይ ወደ 75 ዲግሪ ከፍ ስለሚል ብርሃኑ የሚያልፍበት አየር ቀጭን ነው፤ ለምድር ወገብ የቀረበ አገር ጸጋው ይኼ ነው። በሁለት በሁለት ደቂቃ 64 ፎቶ አነሳን። ፎቶዎቹ በሲሪል ፕሮግራም ሲደራረቡ ኖይዝ የምንለው አሸዋ መሳይ ነጠብጣብ በ8 እጥፍ ይቀንሳል፤ የ64 ስኩዌር ሩት ስለሆነ። ምስሉ ቀስ እያለ ሲወጣ ሁለታችንም አልተናገርንም። የጠዋት ወፍ የመሰሉት ክንፎች፣ መሐሉ ላይ የታጨቁት አራት ኮከቦች፣ ከዳር ዳር እየሳሳ የሚሄደው ቀይ ጋዝ። ያ ብርሃን ከተነሣ ወደ 1,350 ዓመት ይሆነዋል፤ ከአክሱም መንግሥት የመጨረሻ ዘመናት አካባቢ። ኮከቦቹ እስከ ማዕዘኑ ክብ ነበሩ። ለተማሪዎቼ ሳሳያቸው ያምናውን 212 ፎቶ ጭምር አሳየኋቸው፤ «አየሩ ነው» ያልኳችሁ ውሸት ነበር አልኳቸው።

አንድ ሰው ቀረኝ። ለእህቴ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት፦ ሚዛኑን፣ ብረቱን፣ ግድግዳው ላይ ያለውን መስመር፣ በሁለት ሰዓት የተገኘውን ዎከር። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

«እኔ ያንን ዎከር ለሱቁ አልመለስኩትም» አለችኝ። «እዚህ ከበሩ ኋላ ታጥፎ ቆሟል። ከሌሊት ሥራ ስገባ አየዋለሁ። እስክትጠይቀኝ ነበር የምጠብቀው።»

ይቅር በይኝ አልኳት። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ ጋሼ» አለችኝ፤ እያለቀሰች ነበር። የፊታችን ነሐሴ ትመጣለች። ምን ላምጣልህ ስትለኝ ለኔ ምንም አልኳት። ዎከሩን ግን እንድታመጣው ለመንኳት። እማዬ አንዱን ለቤት፣ አንዱን ለደጅ ታደርገዋለች።